በዘጠኝ ሰዓት የሚመሽባቸው ፍየሎች

ማስረዳት የሚባል በሽታ አለብኝ። ሰው ሲጠይቀኝማ ወጉ ነው፤ እኔ ግን ሳልጠየቅም አስረዳለሁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን አንድ ጓደኛዬ ጥርሱን አሞት ጉንጩን ይዞ ሲንከባለል፣ አጠገቡ ተቀምጬ የጥርስን አሠራር ከውጭ ወደ ውስጥ ዘርዝሬለታለሁ። "ወንድሜ፣ ሕመሙን ችዬዋለሁ፤ አንተን ግን አልቻልኩም" አለኝ። ያን ጊዜ አዝኜበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጓደኛዬ በጥርስ ብቻ ስላመለጠኝ ዕድለኛ ነው። ከጥርስ አልፌ ፍየል ላይ የደረስኩበት ዓመት መጣ፤ የማወጋችሁም እሱን ነው።

ሁለተኛው በሽታዬ ሥርዓት ነው። ሸሚዝ የማጥብበት ቀን፣ ለእናቴ ደብዳቤ የምጽፍበት ቀን፣ ጥፍሬን የምቆርጥበት ቀን፣ ሁሉም በሠንጠረዥ ተጽፎ ግድግዳዬ ላይ ይለጠፋል። መጽሐፍ ሳነብም በሳምንት አንድ ምዕራፍ ነው፤ ቢጥመኝ አልጨምርም፣ ቢሰለቸኝ አልቀንስም። ይህን ልማዴን እንደ ዋዛ አትለፉት፤ የፍየል ነፍስ ያጠፋው እሱ ነው።

ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከደባርቅ በላይ፣ ከማኪና መንገድ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ደወል ነበረው። ደወሉ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ማኪና የተፈታ ቸርኬ ነው፤ በድንጋይ ሲመቱት ድምፁ ገደል ተሻግሮ ይሰማል። የአገሩን ብርድ በዚህ ገምቱት፦ ጧት ፊቴን ለመታጠብ መጀመሪያ ውሃውን መስበር ነበረብኝ።

ያስጠጉኝ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌና ባለቤታቸው እማማ ውባለም ናቸው። ልጆቻቸው ሁሉ ትዳር ይዘው ርቀዋል። ያላቸው ሀብት አንድ ጥማድ በሬና አሥራ አንድ ጸጉራም ፍየሎች ነው። የዚያ ደጋ ፍየል ጸጉሩ ረጅም ነው፤ ከረጅሙ ጸጉር ሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሌላ ጸጉር አለው። አያ ተገኘ በዓመት አንዴ፣ በሚያዝያ ገደማ፣ ይህን ጸጉር አበጥረው ያወጡና ራሳቸው ይፈትሉታል። ሸማኔው ደግሞ ባና ያደርገዋል፤ ባና ማለት ሲለብሱት ሌላ ሰው የተኛብዎ ያህል የሚከብድ ብርድ ልብስ ነው።

እማማ ውባለም ደረታቸውን ያማቸዋል። ክረምት ሲገባ ሳላቸው ከዝናቡ ጋር በርትቶ ከዝናቡ ጋር ጋብ ይላል። የደባርቁ ድሬሰር አይቷቸው "ከመርፌው ይልቅ ሙቀት ነው የሚያድናቸው፤ ብርድ እንዳይነካቸው" ብሏል። የነበራቸውን ባና ግን ብል በልቶት ወንፊት ሆኗል። አዲስ እንዳይሠራ፣ ባለፈው ዓመት ነብር የመንጋውን እኩሌታ ፈጅቶታል፤ የአሥራ አንድ ፍየል የአንድ ዓመት ጸጉር ከግማሽ ባና አያልፍም።

"የዘንድሮውንና የከርሞውን ካጠራቀምን አንድ ሙሉ ባና ይወጣናል" አሉኝ አያ ተገኘ አንድ ቀን፣ ደጅ ተቀምጠን። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ክፋቱ፣ የሚመጣውን ክረምት በዚያ ወንፊት የምታልፈው አይመስለኝም።"

ሌላ ሰው ቢሆን "አይዞዎ" ይል ነበር። እኔ መጽሐፌን ላመጣ ሮጥኩ።

መጽሐፉ በማሠልጠኛ ያስተማረን አንድ የውጭ አገር መምህር አገሩ ሲገባ ጥሎልኝ የሄደ፣ ስለ ጸጉራም ፍየሎች የሚያወራ ነው። ለምን ፍየል እንዳስቀረልኝ አላውቅም፤ ኮቱን ነበር የተመኘሁት። ያነበብኩት እስከ ምዕራፍ አምስት ነበር።

"አያ ተገኘ፣ የፍየል ጸጉር በምን እንደሚያድግ ያውቃሉ?"

"በሣር ነዋ።"

"አይደለም! በብርሃን ነው። ይልቁንም በጨለማ።"

"ምነው መምህር፣ አተኮሰህ እንዴ?"

አስረዳኋቸው። በፍየል አንጎል ውስጥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት እጢ አለች። ዓይን ያየውን የብርሃን ልክ ለእሷ ይነግራታል። ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ ሲረዝም ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ በደም ውስጥ ትልካለች፤ መልእክተኛውም ቆዳው ዘንድ ደርሶ "ብርድ መጥቷልና ጸጉር አብቅል" ይላል። ቀኑ ሲረዝም ሌላ መልእክተኛ ይነሣና "ሙቀት መጣ፣ አሮጌውን ጣል" ይላል። በእኛ አገር የቀኑ ልክ ብዙም ስለማይለዋወጥ መልእክተኛው በዓመት አንዴ ብቻ እየተጎተተ ይመጣል። እኛ ግን ፍየሎቹን በዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ቤት ብናስገባቸው፣ እጢዋ ክረምት መሰላት ማለት ነው፤ በኋላ ደግሞ ብናወጣቸው በጋ ይመስላታል። ጥር ላይ አንዴ፣ ሰኔ ላይ አንዴ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ምርት! ባናው ከክረምቱ በፊት ይደርሳል!

አያ ተገኘ እንዝርታቸውን አቁመው ሲያዳምጡ ቆዩ።

"ቆይ እስቲ። ይቺ እጢ የምትላት ጭንቅላታቸው ውስጥ ተቀምጣ ታዛቸዋለች ነው የምትለኝ?"

"በትክክል!"

"ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቃቸው አንድ ቀን ሰምተውኝ አያውቁም። ለካ ሌላ ጌታ ኖሯቸዋል።"

እማማ ውባለም ከውስጥ፣ ከመደባቸው ላይ፣ ሳልና ሳቅ አንድ ላይ ያዛቸው። "ተወው ተገኘ፣ ይሞክር። ባናውን ካመጣልኝ የእጢም ቢሆን፣ የጠንቋይም ቢሆን እለብሰዋለሁ።"

"የጠንቋይ አይደለም እማማ፣ የሳይንስ ነው።"

"እሱም ይሁን ልጄ።"

ጥቅምት አንድ ቀን ጀመርን። ባዶውን የእህል ቤት ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መርጌ ጨለማ አደረግኩት። ሠንጠረዡ እንዲህ ይላል፦ ፍየሎች ከጧቱ ሁለት ሰዓት ይወጣሉ፣ በዘጠኝ ሰዓት ይገባሉ። ተማሪዎቼን የማሰናብተው በዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ቸርኬውን ስመታ ልጆቹ እየጮሁ ይወጣሉ፣ ፍየሎቹ እየጮሁ ይገባሉ። ፍየሎቹ ቸርኬውን ከመልመዳቸው የተነሣ ቅዳሜና እሑድ ያለ ደወል አልገባም አሉ። እኔም ቅዳሜና እሑድ መደወል ጀመርኩ። ይህን የሰሙ ሁለት ትጉህ ተማሪዎች እሑድ ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ በማግሥቱ አባቶቻቸው ዱላቸውን ይዘው መጡ።

መንደሩም ዝም አላለም። ውሃ ወራጅ ሴቶች "መምህር፣ ፍየሎቹ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?" ይሉኛል። ኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ቄሰ ገበዙ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። "ልጄ፣ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፣ በዘጠኝ ሰዓት እንገድፋለን። የአያ ተገኘ ፍየሎች ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ውለው በዘጠኝ ሰዓት በዓት ይዘጋሉ አሉ። ይህ የየትኛው ገዳም ሥርዓት ነው?" ለእሳቸውም ስለ እጢዋ አስረዳኋቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ በፍጥነት ሄዱ።

አሁን ስለ ባላምባራስ ልንገራችሁ። ባላምባራስ አውራው ፍየል ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው በጢሙ ነው፣ ሹም በአጠገብ ሲያልፍም በዚህ ስሙ አንጠራውም። አያ ተገኘ ሆዱ ሥር የቁርበት ሽርጥ ያስሩለታል። በዚያ አገር ልማዱ ነው፤ አውራው እንዳሻው እንዳይሠርር ከልክለው፣ ግልገል ሣር በሚትረፈረፍበት በመስከረምና በጥቅምት እንዲወለድ ሽርጡን ወሩን ቆጥረው ይፈቱለታል። እኔ ስመለከተው ግን ሽርጡ የሆዱን ጸጉር ፈግፍጎ ጨርሶታል። ይህ የምርት ብክነት ነው።

"ይፈታ" አልኩ።

"ምነው መምህር፣ አሁንማ ጊዜው አይደለም" አሉ አያ ተገኘ።

"አያስቡ፤ ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ ጸጥ ብለው ይተኛሉ።"

አያ ተገኘ "እንግዲህ አንተ የተማርከው ታውቃለህ" አሉ። እኔ ደስ አለኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ሲል ነገሩን ማቆም እንደሚገባ የሚያስተምር ማሠልጠኛ አልገባሁም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የባላምባራስ ጠባይ ተለወጠ። የላይ ከንፈሩን ሰብስቦ ሰማይ ያያል፤ በገዛ ጢሙ ላይ ይሸናል፤ ጠረኑ ግድግዳውን አልፎ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ በማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ጠረን በርትቷል። ምክንያት፦ የአየር መታፈን።" ከዚያም ጭቃውን በትንሹ ቀድጄ አየር አስገባሁ። ምዕራፍ ስድስትን ልገልጥ ብችል ኖሮ እውነተኛውን ምክንያት አገኝ ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን በሠንጠረዤ ላይ ተራው የፍየል መጽሐፍ ሳይሆን የሒሳብ መጽሐፍ ነበር።

ጸጉሩ ግን በቀለ! ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጣቴን ባስገባው እስከ ሁለተኛው አንጓ ይዋጣል። እማማ ውባለም አንዷን ፍየል መደባቸው ድረስ አስመጥተው በሁለት እጃቸው ዳሰሷት። "ሸጋ ነው" አሉ። "ተገኘ፣ ና እስቲ ዳስ፤ ሞቃት ነው እኮ።" ያን ቀን ሳል አልነበራቸውም። ያን ቀን እኔም በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ቁመት አልነበረኝም።

ጨለማው ቤት ተከፈተ። ጸጉሩ የሚበጠርበትን ቀን ጥር ሃያ አምስት ብዬ ሠንጠረዡ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ። ቀኑን የመረጥኩት ለጥምቀት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎንደር ወርጄ የብረት ማበጠሪያ ገዝቼ ለመመለስ እንዲመቸኝ ነው። አያ ተገኘ ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። እሳቸው ቀን አይቆርጡም። ወቅቱ ሲቃረብ በየጧቱ ከእያንዳንዷ ፍየል አንገት ላይ ቆንጠር አድርገው ይስባሉ። ካልለቀቀ "ገና ናት" ብለው ያልፋሉ፤ ከለቀቀ ያንኑ ዕለት አበጥረው ይጨርሳሉ። ልሄድ ስነሣ እጃቸውን ወደ አንዷ አንገት ሲዘረጉ አየኋቸው።

"አይንኩ!" አልኩ። "መነካካት ሥራውን ያበላሸዋል። እስከ ሃያ አምስት ድረስ ማንም አይንካ። ተጽፏል።"

እጃቸውን ሰበሰቡ።

ጎንደር አራዳ ላይ ሐጂ ኑር የሚባሉ ጸጉርና ቆዳ የሚነግዱ ሽማግሌ ሱቅ ገባሁ። ማበጠሪያውን እያሳዩኝ ወሬ ጠየቁኝ፣ እኔም ነገርኳቸው፤ ሲያዳምጡ ሻያቸው ቀዘቀዘ።

"እና መቼ ነው የምታበጥሩት?"

"ጥር ሃያ አምስት።"

"ፍየሎቹ በቀኑ ተስማምተዋል?"

"ሐጂ፣ በሳይንስ ነው እኮ የምንሠራው።"

"ወላሂ ሳይንስን አልነቅፍም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጸጉር ስገዛ ኖሬያለሁ፤ ቀጠሮ የሚያከብር ፍየል አላየሁም። ልጄ፣ ቶሎ ተመለስ።"

ቶሎ ልመለስ ነበር። የተሳፈርኩበት የጭነት ማኪና ዳባት ሲደርስ ሾፌሩ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ትዝ አለው። ጥር ነው፣ ምን ይደረጋል? ማኪናው ሦስት ቀን ቆመ። እኔም ከማኪናው ጋር ሠርገኛ ሆኜ፣ ማበጠሪያዬን በብብቴ ይዤ፣ የማላውቃትን ሙሽራ ስሸኝ ከረምኩ።

ጥር ሃያ አምስት ቀን ጧት ዳገቱን ወጥቼ ስጨርስ መጀመሪያ ያየሁት ቁጥቋጦውን ነው። የቀጋው እሾህ ሁሉ አብቦ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ቀርቤ ሳየው ጸጉር ነው። በየእሾሁ፣ በየድንጋዩ፣ በየአጥሩ ላይ የፍየል ጸጉር ይውለበለባል። ወፎች በአፋቸው እየያዙ ይበርራሉ። በዚያ ዓመት የዚያ ደጋ ጫጩቶች ያገኙትን ሙቀት የእማማ ውባለም ደረት አላገኘውም።

አያ ተገኘ በረቱ በር ላይ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ፍየሎቹ ተላልጠው፣ የጎድን አጥንታቸው ተቆጥሮ፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይንቀጠቀጣሉ።

"መቼ ነው የለቀቀው?" አልኩ።

"በሄድክ በአራተኛው ቀን።"

"ታዲያ ለምን አላበጠሩትም?"

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ቢኖርበት ደስ ባለኝ፤ አልነበረበትም። "አትንካ አልከኝ። ተጽፏል አልከኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የተጻፈ ነገር እንዴት አድርጌ እጥሳለሁ?"

ሦስት ቀን ሙሉ ሁለታችን ከእሾህ ላይ ጸጉር ለቀምን። አዲሱ የብረት ማበጠሪያ ኪሴ ውስጥ ቀረ። የሰበሰብነው የልማዱን ዓመት ምርት እንኳ አልሞላም።

የጥር ውርጭ የተላጠ ፍየል አይምርም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሞቱ። የቀሩትን እማማ ውባለም ራሳቸው "ወደ እኔ አምጧቸው" አሉ። መደባቸው ሥር ተኮልኩለው ተኙ። በር ላይ ቆሜ ሳይ፣ ልናሞቃቸው ያሰብናቸው ሴትዮ ያንን ወንፊት ባና ወደ ታች ጎትተው ፍየል እየሸፈኑ ነው።

"እማማ፣ እርስዎ ይበርድዎታል።"

"እነሱ የእኔን ልብስ ሊያመጡ አይደል የተላጡት?" አሉ። "ይልቅ ይቺን እያት፤ ሆዷ ምነው ተነፋ?"

አያ ተገኘ ጎንበስ ብለው ሆዷን ዳሰሱ። ከዚያ የሌላዋን። ከዚያ የሁሉንም። "መምህር" አሉ፣ "ያቺ እጢህ ይህንንም ታዛለች?"

ያን ቀን ምዕራፍ ስድስትን ያለ ተራው አነበብኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ተማሪ እንኳ ሊስተው በማይችል ቃል፣ ቀን ሲያጥር ጸጉር የምታበቅለው እጢ ያንኑ ጊዜ አውራውን ለሥርሪያ፣ እናቶቹን ለፅንስ እንደምታነሣሣ ተጽፏል። ወተት የሚያመጣው ሆርሞንም አሮጌውን ጸጉር ከሚያስጥሉት አንዱ ነው፤ ያረገዘችና የምታጠባ ፍየልም ምግቧን ለልጇ እንጂ ለጸጉሯ አታውለውም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ይመጣል ያልኩት ሁለተኛ ምርትም አይመጣም። መጽሐፉን ዘጋሁት። ለማን ላስረዳው?

ግልገሎቹ በመጋቢት፣ ሣር በሌለበት ወር፣ በዐቢይ ጾም መካከል ተወለዱ። ከሰባቱ ሦስቱ ተረፉ። ግልገል ከሞተባቸው እናቶች ወተቱ ተረፈ፤ አያ ተገኘ በኩባያ አልበው ለእማማ አቀረቡ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው መጥተው "ለታመመ ተፈቅዷል፣ ጠጪ" አሏቸው።

"ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩትን በአንድ ኩባያ ላፍርሰው?" አሉ እማማ። "ለግልገሎቹ ስጡልኝ። እነሱ ክርስትና አልተነሡም፣ አይከለከሉም።"

ሁላችንም ሳቅን። ወተቱን ግን አልጠጡም።

ሸማኔው ከዚያች ጸጉር የሠራው ባና ከአንገት እስከ ጉልበት እንኳ አልደረሰም። እማማ ውባለም አመሰገኑኝ። "ደረቴን ሳለብሰው እግሬ ይቀናል፣ እግሬን ሳለብሰው ደረቴ ያኮርፋል። ሁለት ምቀኛ ልጅ እንደማሳደግ ነው" ይሉ ነበር። ሐምሌ ሲገባ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁትን ካፖርት ወስጄ እላያቸው ላይ ጣልኩት። "ሹም አስመሰልከኝ እኮ" አሉ። እኔ ክረምቱን ጆንያ ለብሼ አስተማርኩ። አንዱም ተማሪ አልሳቀብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ፣ ጉም እቤት ድረስ በገባበት አንድ ጧት፣ ሳሉ ቆመ። ዝናቡ ግን አላቆመም። በዝናብ ቀበርናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት አያ ተገኘ ሠንጠረዤን አልጠየቁም። መጋቢት ሲያልቅ በየጧቱ የፍየሎቹን አንገት ቆንጠር ማድረግ ጀመሩ፤ አንድ ቀን ጸጉሩ ለቀቀ፤ ያንኑ ዕለት እኔ ቀንድ ይዤ እሳቸው አበጠሩ። ማበጠሪያውን ሳቀርብላቸው ተቀብለው "ሸጋ ዕቃ ነው" አሉ። ፈተሉት። ሸማኔው አዲሱን ከአሮጌው ግማሽ ጋር ገጠመው፤ ሙሉ ባና ወጣው።

በዚያው ሰሞን ወደ ዛሪማ የተዛወርኩበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ስሰናበት አያ ተገኘ ባናውን አጣጥፈው አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጫኑት።

"አያ ተገኘ፣ ለእርስዎ ነው እንጂ!"

"እኔ እሱን ለብሼ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"ዛሪማ እኮ ቆላ ነው፤ ከሊማሊሞ በታች..."

"አውቀዋለሁ። ጨው ስጭን ወርጄበታለሁ። ያዘው ብቻ።"

ያዝኩት።

በዛሪማ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ያለ ልብስ ይተኛል። እኔ ቤት ውስጥ ነው የምተኛው፣ ባናውን እስከ አንገቴ ስቤ። ላቡ ከፍራሼ አልፎ መሬት ይደርሳል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቄ በቀደም በበሩ አየችኝና ደነገጠች። "እኔን ይድፋኝ መምህር! በዚህ ሙቀት ይህን ተሸፍነህ? ይሄማ ወባ ነው" ብላ ሮጣ ሄደች፤ ኪኒንና ውሃ ይዛ ተመለሰች። "ዋጠው፣ መራራ ነው ግን ያድናል" አለችኝ።

እጄን ከባናው ሥር አውጥቼ ተቀበልኳትና ምንም ሳላስረዳት ዋጥኩት።